በኮላ የተጣበቀችው ደራሲ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሃምሳ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። የታክሲውና የማኪያቶው አልተጨመረም። እሱን የተውኩት ይህን ጽሑፍ ባለቤቴም ስለምታነበው ነው።

የምነግደው መደርደሪያ ነው። ቡፌም፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫም፣ የጫማ ሣጥንም እሸጣለሁ፤ እንጀራዬ ግን መደርደሪያ ነው። ሱቄ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፤ አንድ በኩሏ ቀለም ቤት፣ ሌላው በኩሏ ሁልጊዜ ሊከራይ የደረሰ ባዶ ቤት። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን የተማርኩት መርካቶ፣ ሰው ሲሸጥና ሲገዛ ቆሜ በማየት ነው። ከዚያ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ሰው ዕቃ እንደማይገዛ ነው፤ የሚገዛው ዕቃው ቤቱ ሲገባ እሱ ራሱ የሚመስለውን ሰው ነው። ባዶ መደርደሪያ ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የሬሳ ሣጥን ይመስላል። መጽሐፍ ስትደረድርበት ግን ገዢው ራሱን ዶክተር አድርጎ ያያል፤ ዋጋም ብዙ አይከራከርም።

ችግሩ የሚደረደረው መጽሐፍ ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ ሞከርኩ። ሰው መደርደሪያውን ትቶ መጽሐፉን ያወርዳል፤ ለሽያጭ ያቀረብኩት ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ ሃምሳ ገጽ ያነብና "ነገ እመጣለሁ" ብሎኝ ይሄዳል። ነገም እውነቱን ነው፣ ይመጣል፤ ከሃምሳ አንደኛው ገጽ ለመቀጠል። በእንግሊዝኛ ስቀይረው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ። በመጨረሻ ፈረንሳይኛ ትዝ አለኝ። በእኛ መንገድ ከሚያልፈው ሕዝብ ፈረንሳይኛ የሚያነብ የለም። ጀርባው ያምራል፣ ማንም አይነካውም። በንግድ ዘመኔ ካሰብኳቸው ብልጠቶች እንደዚህ የኮራሁበት የለም።

ጊዜውም ገጠመልኝ። ቦሌ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ዕቃውን እየሸጠ ነው ሲሉኝ ሄድኩ። ፍሪጁንና አልጋውን ሌሎች ቀድመውኝ ወስደውታል። የቀረው ዘጠኝ ካርቶን መጽሐፍ ነበር። ከፍቼ ባየው አብዛኛው የአንዲት ደራሲ ነው። ከኋላው ሽፋን ላይ ሁልጊዜ ያቺው ፎቶ አለች፦ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ምሳዋን ያቋረጧት የምትመስል ሴትዮ። የምትጽፈው በፈረንሳይኛ ነው። ሰውየው ግን በጣም ይወዳት ኖሮ በሄደበት አገር ሁሉ መጽሐፏን በአገሬው ቋንቋ ሲገዛ ነው የኖረው። በዓረብኛ አለች፣ በቻይንኛ አለች፣ ፊደሉን አይቼው በማላውቀው ቋንቋም አለች። በአማርኛ ብቻ የለችም።

"ዝነኛ ናት?" አልኩት፣ ባለችኝ ቁራጭ እንግሊዝኛ።

"በዓለም ሁሉ" አለኝ።

"እዚህ ማንም አያውቃትም።"

ይህን ያልኩት ዋጋ ለማስቀነስ ነበር። አሥራ ስምንት ሺህ ላይ ተስማማን።

በዚያው ወር አንድ ወጣት ከአየር ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ ካፌ ሊከፍት ነበርና ግድግዳ የሚሞላ መደርደሪያ ከነመጽሐፉ አዘዘኝ።

"ጋሼ፣ ሰው ገና ሲገባ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ነገር ነው የምፈልገው" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ፣ መጽሐፎቹ እንዳይሰረቁብኝ።"

"ማን ይሰርቅሃል? ፈረንሳይኛ እኮ ነው።"

"ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር የስኳር ማንኪያ ይሰረቃል።"

እንግዲህ አናጢዬን ጠርቼ መጽሐፎቹን እርስ በርሳቸውም ከሳንቃውም ጋር በኮላ እንዲያጣብቃቸው አዘዝኩ። አናጢዬ ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ኮላ ላይ ግን ንፉግ አይደለም። የወንበር እግር እንደሚጣበቅ አጣበቃቸው፤ በሞርሳ ጠፍሮ አሳደራቸው። በማግሥቱ አንዱን ይዤ ጎተትኩ። ግድግዳው ካልመጣ አልመጣም አለ። ደስ ብሎኝ ገንዘቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

ካፌው በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ይምጡና ይዩልኝ፣ ሰው ከግድግዳዬ ጋር እየተጣላ ነው።"

ስደርስ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ኮንጓዊ፣ ለስብሰባ የሚመላለስ ሰው፣ አንዱን መጽሐፍ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ እየጎተተ ነበር። አስተናጋጇ ከኋላው ቆማ "ዲኮር ነው ጌታዬ፣ ዲኮር!" ትለዋለች። እሱ ወደ ላይ፣ የደራሲዋ ስም ወደተጻፈበት ጀርባ፣ እያመለከተ ደረቱን ይመታል።

"ምን እያለ ነው?" አልኩ።

"የእኛ ናት እያለ ነው" አለኝ የካፌው ባለቤት። "ልጅነቷን እኛ ጋ ነው ያሳለፈችው ይላል። ያቺን ደግሞ ይመልከቱ።"

መስኮቱ ጋ የተቀመጠች አንዲት ሊባኖሳዊት፣ በሳምንት ሦስት ቀን የምትመጣ ደንበኛ ናት አሉኝ፣ ጭንቅላቷን በመቃወም ነቀነቀችና አንድ ነገር ተናገረች። የደራሲዋ አያት የእነሱ አገር ሰው ናት ማለቷ ነው። ከትናንት በስቲያ አንድ ቻይናዊ የመንገድ መሐንዲስ የራሱን ቋንቋ ከመደርደሪያው ላይ አግኝቶ ሊያወርደው ሲሞክር ጥፍሩን ሰብሯል። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ለመቀየር ግማሽ ቀን የምትጠብቅ ብራዚላዊት መጥታ፣ መጽሐፉ አልወርድ ሲላት ቆማ ስቃ ስቃ፣ የሳቀችበትን ቪዲዮ ለእናቷ ልካለች።

እኔ ካሳ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ መልሴን እያዘጋጀሁ ነበር። ልጁ ግን ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ወንበር አጠረኝ" አለኝ። የማይከፈተው ቤተ መጻሕፍት እየተባለ ፎቶው ዓለምን ዞሯል። ትራንዚት ያለው መንገደኛ ሁሉ መጥቶ አንድ ጊዜ ይጎትታል፤ ይናደዳል፤ ይቀመጥና ኬክ ያዛል። እኔ ማንም አያውቃትም ብዬ የገዛኋት ሴትዮ ዓለም በሙሉ ዘመዴ የሚላት ኖራለች። እየተደነቅኩ ተመለስኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም አትርፌ ነበር።

ከዘጠኙ ካርቶን ሦስቱ ሱቄ ቀርተው ነበርና ለማሳያ ደርድሬያቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ረጅም፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ለመድኃኒታቸው ትንሽ መደርደሪያ ፈልገው ገቡ። ጎሮ ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናቸው። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በወቅቱ ያየሁት ከመደርደሪያዬ ላይ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ አውርደው አፍንጫቸው ሥር ሲያስጠጉት ነው። በቀኝ ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚያዩት።

"አንተ ሰው" አሉኝ፣ "ይህን ከየት አመጣኸው?"

"ለዲኮር ነው እትዬ።"

"በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ያነበብኩት። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንደኛው ቅጽ ብቻ ነበረው። ሁለተኛው ይመጣል ይሉን ነበር።"

"አልመጣም?"

"መንግሥት ተለወጠ። ከዚያ ደግሞ ተለወጠ።" መጽሐፉን ገለበጡት። "አርባ ስምንት ዓመት ሆነው። አሁን ዶክተሩ ግራ ዓይንሽ አልቋል ብሎኛል። ቀኙን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይከፍተዋል። ሊያይም ይችላል፣ ላያይም ይችላል። ከዚያ በፊት ሁለተኛውን ባገኘው ብዬ ስንት ቦታ ጠየቅሁ መሰለህ።"

ይህን ሲናገሩ የሽንኩርት ዋጋ የሚነግሩኝ ያህል እንኳ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ዝም ማለት እችል ነበር። ነጋዴ ዝም ማለት ካልቻለ ምን ያውቃል?

"ሁለተኛው አለ" አልኩ።

"የት?"

"ቦሌ። አረንጓዴ ነው።"

"ይሸጣል?"

"አይሸጥም። ተጣብቋል።"

"ምን ሆኗል?"

"በኮላ ተጣብቋል። ካፌ ግድግዳ ላይ።"

ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲያዩበት በኖሩት ዓይን አዩኝ። "መጽሐፍ በኮላ? ማን ነው ይህን ያደረገው?"

"አናጢ" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ሌላ መንገድ አልፈለግንም እንዳይባል ፈልገናል። ልጄ ስልኳ ላይ አስሳ "አባዬ፣ አለ እኮ!" አለችኝ፤ የሚከፈለው ግን በውጭ አገር ካርድ ነው። ቢከፈልስ፣ የአስተማሪዋ ዓይን የስልክ ብርሃን አይችልም። ሁለተኛው ቅጽ በእርግጥ በእጄም ነበረኝ፤ በቻይንኛ።

እሳቸው ግን በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። "ምን እንደጎደለኝ እንድታውቅ" ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡና አንደኛውን ቅጽ በአማርኛ ይነግሩኝ ጀመር። መጀመሪያ እኔና አናጢዬ ነበርን። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ፣ ባለ ቀለም ቤቱ፣ የገዛ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። ባለቤቴ ምሳ ለምን ቀረህ ልትለኝ መጥታ እሷም ቀረች። ሶፋውን ከሽያጭ አወጣሁት።

ታሪኩ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ከተማ ደረቅ ዓሣ ስለምትነግድ ሴት ነው። ወንዙን ሽቅብ ተጉዛ የአባቷን መሬት ለመከራከር ስትሄድ ሱቋን ለሟች ባሏ ወንድም፣ አጎንብሶ ላግባሽ ላላት ሰው፣ አደራ ትሰጣለች። ክርክሩ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስትመለስ የገዛ ሱቋን በር ታንኳኳለች። የማታውቃት የስምንት ዓመት ልጅ ከፍታ "ምን ልስጥዎት?" ትላታለች። አንደኛው ቅጽ እዚያ ላይ ያልቃል።



"ሸጦታል!" አለ ቀለም ቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ። "ገና ሲያጎነብስላት አውቄዋለሁ!"

"ውክልና ሰጥታዋለች ወይ?" አልኩ።

"ሰጥታው ሊሆን ይችላል። ግን መሸጥ መለወጥ የሚል አለበት?" አለ ቀለም ቤቱ።

"ደራሲዋ ይህን አልጻፈችም" አሉ አስተማሪዋ።

"ስለ ወንዙ አሥር ገጽ ጽፋ ስለ ውክልናው አንድ መስመር አትጽፍም?" አልኩ።

አናጢዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው፣ "ልጅቷ የእሱ ልጅ ብትሆንስ?" አለ።

"አላገባማ!" አለች ባለቤቴ። "አንተ ደግሞ ኮላህን ስትቀባ አልሰማህም እንዴ? ሚስት አጥቶ አይደል መጀመሪያውኑ እሷን ሲጠይቃት የነበረው?"

ኮንጓዊው ለምን የእኛ ናት እንዳለ የገባኝ ያን ቀን ነው። የትም አገር ያለ ሰው አንድ ቀን በሩን ለሌላ ሰው ትቶ ሄዷል፤ ሲመለስ ማን እንደሚከፍትለት እያሰበ። እኛ አራት ሰዎች የአንዲት ዓሣ ነጋዴ ጉዳይ እንቅልፍ ነሳን። ለእኛ ግን ጨዋታ ነው። የሚቆጠር ቀን ያላቸው እሳቸው ነበሩ፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል።

ካፌው ሄድኩ። "አንዷን ብቻ አውጣልኝ" አልኩት ልጁን።

"ጋሼ፣ አይሆንም። አንዷ ከወጣች ጥርሱ የወለቀ ሰው ነው የሚመስለው። ደግሞም የማይከፈት ነው ተብሎ አይደል ሰው የሚመጣው?"

"ሌላ አረንጓዴ አመጣልሃለሁ።"

"የእሷ ስም የሌለበት አረንጓዴ ምን ያደርግልኛል?"

ትክክል ነበር። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልሰጥም። ስለዚህ በማግሥቱ የማይከራከሩትን ማስረጃ ይዤ መጣሁ፤ አስተማሪዋን።

ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ አለፉና አረንጓዴው ላይ ደረሱ። ፊታቸውን አስጠግተው ርዕሱን አነበቡ። ጣታቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው ቆሙ፤ አልጎተቱም። ኮንጓዊው ከወንበሩ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ሲመልሱለት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ተማሪ አስተማሪ ሲገባ እንደሚቆመው። ሊባኖሳዊቷም መጣች። ሁለት ሌሎች መንገደኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ተጠጉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካፌው በሙሉ ያነበበና ያላነበበ ተብሎ ተከፈለ። የሚሉትን አላውቅም፤ ፊታቸው ላይ ግን እኛ ሱቅ ውስጥ ስለ ውክልናው ስንጨቃጨቅ የነበረው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድንገት አስተማሪዋ ሁለት ጆሯቸውን ደፈኑ።

"ዝም በል!" ብለው ጮኹ፣ በአማርኛ።

ኮንጓዊው አማርኛ አያውቅም፤ ግን ዝም አለ። ሊረዳቸው ብሎ ለካ መጨረሻውን ሊነግራቸው ጀምሯል።

"አርባ ስምንት ዓመት ጠብቄ በአንተ አፍ ልሰማው? በገዛ ዓይኔ ነው የማነበው። ዓይን አለኝ ገና!"

የካፌው ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ወጣ።

"እማማ፣ ዓይንዎ ምን ሆኗል?" አላቸው።

ነገሩት። በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው በሽንኩርት ድምፅ። ልጁ ግድግዳውን አየ፤ ወንበሮቹን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እናወጣዋለን። ሳንቃው ግን መበላሸቱ ነው። አዲስ መደርደሪያ ይሠሩልኛል፤ የሚከፈት መጽሐፍ ያለው። በነፃ።"

"በግማሽ ዋጋ" አልኩ።

"ጋሼ፣ አጣብቅልኝ ያለ የለም እኮ። እንዳይሰረቅ ነው ያልኩት። ኮላውን ያመጡት እርስዎ ነዎት።"

አስተማሪዋ ቀስ ብለው ዞሩ። "አናጢ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"የቀባው አናጢ ነው" አልኩ። "ያዘዝኩት እኔ ነኝ።"

"ነፃ ይሠራልሃል" አሉት ልጁን። ድርድሩ በዚህ አለቀ። ሠላሳ አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ ሥራ በአስተማሪ ድምፅ ተወስኖብኝ አያውቅም።

አናጢዬ በማግሥቱ ቀጭን ቢላና መጋዙን ይዞ መጣ። ኮላው በሙቀት ይላላል ብሎ ከጎን ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተዋሰ። ባለ ፀጉር ቤቷ ከኋላው ተከትላው መጥታ ትንሽ አየችውና "ስጠኝ፣ እንደዚህ ታቃጥለዋለህ" ብላ ማድረቂያውን ከእጁ ነጠቀችው። እሷ ታሞቃለች፣ እሱ በቢላው ጫፍ ይገባል፣ ኮንጓዊው ኮቱን አውልቆ ሳንቃውን ይደግፋል። ቻይናዊው መሐንዲስም ነበር፤ የት ላይ መጋዝ እንዳለበት በጣቱ እያሳየ። አስተማሪዋ ከሁሉም ፊት ወንበር ተሰጥቷቸው እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሽፋኑ ከጎረቤቱ መጽሐፍ ጋር ቀረ፤ የሴትዮዋም ፎቶ እዚያው። ገጾቹ ግን ወጡ። አናጢዬ ሁለቱን የመጨረሻ ቅጠሎች በትንፋሹ እያሞቀ አላቀቃቸውና አስረከባቸው። አስተማሪዋ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥሩን ብቻ አንብበው፣ ቃሉን ሳያዩ፣ በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ሙሉ ነው" አሉ።

ሰው አጨበጨበ። በእኔ ገንዘብ ላይ ሲጨበጨብ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ሰባት ቀን ጠፉ። ጎሮ፣ መስኮታቸው ሥር፣ ፀሐይ እስካለች ያነባሉ፤ ስልክ አያነሡም። ቀለም ቤቱ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ "ምን ሰማህ?" ይለኛል። ሐኪሙ ቤት የሚገቡት ረቡዕ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ቀለም ቤቱ ሱቁን ቆልፎ መጣ፤ በአሥራ አምስት ዓመት ጉርብትና በሥራ ሰዓት ሲቆልፍ አይቼው አላውቅም።

ሶፋው ላይ ተቀመጡና ነገሩን። ሴትዮዋ ማንነቷን ሳትናገር ከሱቁ ፊት ለፊት ክፍል ትከራያለች። አንድ ክረምት ሙሉ ሱቋን በመስኮት ትመለከታለች፤ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ ሚዛኑ ይሰረቃል ወይ። በመጨረሻ አንድ ጧት ገብታ ዓሣ ትገዛለች። እዚያው ቆርሳ ትቀምሰዋለች። "ጨው ይጎድለዋል" ትላለች። ልጅቷም "ባለቤቷ ስትመጣ ይንገሯት። እስክትመጣ ነው የምንጠብቅላት" ትላታለች። ሴትዮዋ ነጠላዋን ታወርድና ከባንኮኒው ኋላ ትገባለች።

"ከዚያስ?" አልኩ።

"አለቀ።"

"አልሸጠውም ማለት ነው?" አለ ቀለም ቤቱ።

"አልሸጠውም።"

"ልጅቷስ?"

"ወላጅ የሌላት ናት። ሥራ ሰጥቷት ነው።"

ቀለም ቤቱ ጣሪያውን አየ። "ሦስት ዓመት ሙሉ አልሸጠም፣ አልካደም፣ የቤቱ አከራይም ኪራይ አልጨመረም። ይሄ ልብ ወለድ ነው" አለ። ግን ፈገግታው አልወርድለት ብሎ ነበር። ባለቤቴ ሰውየውን ሳምንቱን ሙሉ ሌባ ስትል እንደቆየች አስታውሳ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ጮክ ብላ። አስተማሪዋ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ይዘው ይስቁ ነበር። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ሰው በቁጥር ነው። "በቃ፣ አሁን ዶክተሩ የፈለገውን ያድርግ" አሉ።

ዶክተሩ በደንብ ነው ያደረገው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው አወለቁት፤ ከጓዳ በኩል ባቆምኩት መደርደሪያ ላይ የለጠፍኩትን ዋጋ ከዚያው ሆነው አዩት።

"ይሄ ዋጋ እውነት ነው?" አሉ።

"ከዚያ ድረስ ይታይዎታል እትዬ?"

"ይታየኛል። አታፍርም?"

አሥር በመቶ ቀነስኩላቸው። መደርደሪያውን አልገዙም። የደራሲዋን ሌሎች ሁለት መጽሐፎች ይዘው ሄዱ፤ ለእነሱም አልከፈሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ካፌው አዲሱ መደርደሪያ ቆሞለታል። ሱቄ የነበሩት ሦስት ካርቶን መጽሐፎች አሁን እዚያ ናቸው፤ ይወርዳሉ፣ ይነበባሉ፣ መንገደኛው ከፈለገ ይገዛቸዋል። አሁን ያለቀው ቻይንኛው ነው።

የመጀመሪያው መደርደሪያ ሒሳብ ሳይነካ፣ ለመጽሐፎቹ፣ ለአዲሱ መደርደሪያ፣ ለጭነትና ለአናጢ የወጣ፦ ሃምሳ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር። ካፌው ድርሻውን ወስዶ ከመጽሐፍ ሽያጭ ለእኔ የገባ፦ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር። ኪሳራ፦ አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር።